ተሰኪ እንዴት ይሠራል? እንዴትስ ይታሸጋል?

ለማስተማር ልምምድ በተመደብንበት ትምህርት ቤት አራት ዕጩ መምህራን ነበርን። አንድ ቀን ጧት ክፍል ከመግባታችን በፊት በሬኮርድ ክፍሉ በኩል ስናልፍ አንዲት እናት ለልጃቸው መሸኛ ሊያወጡ መጥተው ቆመዋል። ልጅቷን፣ ስሟን ለውጠን፣ ፀሐይ እንበላት። ሠራተኛው በኮምፒዩተሩ ላይ «ፀሐይ» ብሎ ጻፈና ፈለገ፤ አጣ።

«እማማ፣ ልጅዎ እዚህ አልተመዘገበችም» አላቸው።

«አልተመዘገበችም ማለት ምን ማለት ነው ልጄ? ይኸው እዚያ ክፍል ቁጭ ብላ እየተማረች!»

እናትየዋ በማግሥቱም ተመለሱ፤ በሦስተኛውም ቀን መጡ። በመጨረሻ ከእኛ አንዷ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች ስታነብ ልጅቷን አገኘቻት። መዝጋቢው የጻፋት «ጸሀይ» ብሎ ኖሯል።

ጥፋቱን በማን ላይ እንጣል? ሠራተኛው «ፀሐይ» ብሎ መጻፉ ትክክል ነው። መዝጋቢውም ቢሆን ማንኛውም አማርኛ አንባቢ ሳይደናቀፍ የሚያነበውን ነው የጻፈው። ኮምፒዩተሩም የታዘዘውን ፈጸመ እንጂ አልሰነፈም። ጉድለቱ ያለው ፊደላችንን የሚያውቅ ነገር በመካከል ባለመኖሩ ነው። እኛም ያንን ጉድለት የምትሞላ አንዲት ትንሽ ተሰኪ፣ በተለምዶ ፕለጊን የምትባለውን፣ ሠራን። ይህንን የምንጽፈው ግን ሠራን ለማለት አይደለም። ኮዱን መጻፍ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነበር፤ ተሰኪዋን ከእኛ ኮምፒዩተር አውጥቶ በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ እንድትሠራ ማድረግ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ ሌሎቻችሁ ሦስት ሳምንቱን እንዳትደግሙት ብለን ነው።

ሞክሼ ለጆሮ፣ ባዕድ ለኮምፒዩተር

እንደሚታወቀው ሁሉ ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ አላቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። ሞክሼ ፊደላት የምንላቸው እነዚህን ነው። በዚህም ላይ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ በንባብ አይለዩም። እንግዲህ «ፀሐይ» የሚለውን ስም ብንወስድ፣ የመጀመሪያው ፊደል በሁለት፣ ሁለተኛው በስድስት ዓይነት ሊጻፍ ስለሚችል አንዲት ልጅ በ12 ዓይነት አጻጻፍ ልትመዘገብ ትችላለች ማለት ነው። «ኃይለ ሥላሴ» ደግሞ 24 አጻጻፍ አለው፤ አንድ ላይ ወይም ለያይቶ መጻፉ ከተቆጠረ 48 ይሆናል።

ኮምፒዩተር ፊደልን በድምፅ አያውቀውም፤ የሚያውቀው በቁጥር ነው። ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ሀ 4608 የሚል ቁጥር ተሰጠው። ሐ 4624 ነው፤ ኀ 4736። ስለዚህ ለኮምፒዩተሩ በሀ እና በሐ መካከል ያለው ልዩነት በሀ እና በመ መካከል ካለው ልዩነት አይሻልም። ቁጥራቸው ከተለያየ ሁለት የማይተዋወቁ ምልክቶች ናቸው።

ደስ የሚለው ነገር ፊደሎቹ በመዝገቡ ውስጥ የተደረደሩት እንደ ሠንጠረዥ፣ ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶ መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት ከሐ ቁጥር ላይ 16 ሲቀነስ ሀ ይመጣል፤ ከሑ ላይ 16 ሲቀነስ ሁ፤ ከሒ ላይም ሂ፤ እንዲህ እያለ እስከ ሳብዑ ይሄዳል። ኀን ወደ ሀ ለማምጣት 128 መቀነስ፣ ሠን ወደ ሰ ለማምጣት 16 መደመር፣ ዐን ወደ አ ለማምጣት 48 መቀነስ፣ ፀን ወደ ጸ ለማምጣት 8 መቀነስ ነው። አምስት ቀላል ሒሳቦች! ይህንን ያገኘን ዕለት ማታ መኝታ ክፍል ውስጥ በደስታ ተጯጯህን። ብቻ አንድ ወጥመድ አለ። በሐ ቤት ስምንተኛው ቦታ ላይ ሗ ተቀምጧል፤ ከእርሱ ላይ 16 ሲቀነስ የሚመጣው ሇ ነው፤ ይኸውም በመደበኛው የአማርኛ ገበታ ላይ የማናየው ፊደል ነው። ስለዚህ ሒሳቡ በሰባቱ ላይ ብቻ ይሥራ፤ ስምንተኛውን አትንኩ።

መሣሪያው

ተሰኪ ብቻውን የሚቆም ነገር አይደለም፤ የሚሰካበት መሣሪያ ያስፈልገዋል። እኛ የመረጥነው ዳታሴትን ነው። ዳታሴት ሳይመን ዊሊሰን የተባለ እንግሊዛዊ የሶፍትዌር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ያወጣው፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ መሣሪያ ነው። ሥራው ኤስኪውላይት በተባለ ዳታቤዝ ፋይል ውስጥ ያለን ሠንጠረዥ በብራውዘር ከፍቶ ማሳየት፣ ማጣራትና መጠየቅ ነው። የትምህርት ቤቱ ስም ዝርዝር በኤክሴል ነበር፤ በሲኤስቪ መልክ አስቀምጠን ወደ ኤስኪውላይት አዛወርነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ ኤክሴል ውስጥ ተራውን ሲኤስቪ ከመረጣችሁ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል፤ ዩቲኤፍ 8 የሚለውን ሲኤስቪ ነው መምረጥ። ዋናው የኤክሴል ፋይል እስካልጠፋ ድረስ ግን ምንም አይደለም፤ እንደገና ማስቀመጥ ይቻላል።

ደግሞም ዳታሴት መረጃን ለሕዝብ ለማሳየት ታስቦ የተሠራ ስለሆነ የተማሪ ስምን በተመለከተ ጥንቃቄ ያሻል። ሌላ ትእዛዝ ካልሰጣችሁት የሚከፈተው በ127.0.0.1፣ ማለትም በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ነው። እንደዚያው ይቅር።

ታዲያ ለምን ዳታሴቱን ራሱን አልቀየርነውም? ኮዱ ክፍት አይደለም ወይ? ክፍት ነው። ነገር ግን መሣሪያውን ራሱን የቀየረ ሰው አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ለውጡን ከመጀመሪያው ሊደግመው ነው። ደግሞም የአማርኛ ሞክሼ ፊደል ለአንድ የብራዚል ተጠቃሚ ምን ያደርግለታል? ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳታሴት ማንጠልጠያዎች አሉት፤ ፕሮግራመሮቹ ሁክ ይሏቸዋል። ማንጠልጠያ ማለት መሣሪያው በሥራው መካከል በታወቀ ቦታ ላይ ቆም ብሎ «እዚህ ላይ የሚጨምር ሰው አለ?» ብሎ የሚጠይቅበት ነው። ይህንን የሚያስተናብረው ፕላጊ የተባለ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ እርሱም የተወለደው ፓይቴስት ከተባለው የኮድ መፈተኛ ውስጥ ነው።

እኛ የተጠቀምንበት ማንጠልጠያ ፕሪፔር ኮኔክሽን ይባላል። ዳታሴት ከዳታቤዙ ፋይል ጋር ግንኙነት በከፈተ ቁጥር ይጠራዋል። በየጊዜው መጠራቱ ለምን አስፈለገ? ኤስኪውላይት ውስጥ በፓይተን የተጻፈ ፈንክሽን በፋይሉ ውስጥ አይቀመጥም፤ የሚኖረው ከግንኙነቱ ጋር ነው። ግንኙነቱ ሲዘጋ ፈንክሽኑም ይጠፋል፤ አዲስ ግንኙነት ሲከፈት እንደገና ማስተዋወቅ ነው። ልክ እንደ ተተኪ መምህር፦ ክፍል በገባ ቁጥር ስሙን ሰሌዳው ላይ ይጽፋል።

ኮዱ

ኮዱ ከ20 መስመር አይበልጥም። አንደኛው ክፍል ስም ተቀብሎ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ መልክ የሚያመጣ፣ ክፍተቱንም የሚያወጣ ፈንክሽን ነው። ሁለተኛው ክፍል በማንጠልጠያው ስም የተሰየመ ፈንክሽን ሲሆን፣ ከራሱ ላይ «ይህ ለማንጠልጠያ ነው» የሚል ምልክት ተደርጎበት፣ የመጀመሪያውን ፈንክሽን ከግንኙነቱ ጋር ያስተዋውቃል፤ ስሙ ይህ ነው፣ የሚቀበለው አንድ ነገር ነው፣ ሥራውን የሚሠራው ያ ነው ብሎ።

ለፈንክሽኑ የሰጠነው ስም «ሞክሼ» ነው፤ በአማርኛ ፊደል! ይሠራል ብለን አላሰብንም ነበር። ኤስኪውላይት ግን የግዕዝ ፊደልን በስም ውስጥ ይቀበላል፤ ፓይተንም እንዲሁ። ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ሆነ፦ ከተማሪዎች ሠንጠረዥ ውስጥ፣ የስማቸው ሞክሼ እኔ ከጻፍኩት ስም ሞክሼ ጋር እኩል የሆነውን ሁሉ አውጣ። «ፀሐይ» ብለን ጻፍን፤ «ጸሀይ» መጣች። «ጸሃይ» ብለን ጻፍን፤ አሁንም መጣች።

የመጀመሪያው ስሕተት ወዲያው ተከተለ። የአያት ስም ባልተሞላበት መስመር ላይ ሲደርስ ጥያቄው በሙሉ ተቋረጠ። ባዶ ቦታ ወደ ፓይተን የሚገባው እንደ ባዶ ጽሑፍ ሳይሆን ምንም እንዳልተሰጠ ሆኖ ነው፤ ምንም ከሌለው ነገር ላይ ደግሞ ፊደል መለወጥ አይቻልም። ፈንክሽኑ በመጀመሪያው መስመሩ ላይ «ምንም ካልተሰጠህ ምንም ሳትሠራ ተመለስ» መባል አለበት።

ሁለተኛው ስሕተት ግን የኮድ አልነበረም፤ የእኛ የጥድፊያ ስሕተት ነው፤ እስከ ዛሬም ያሳፍረናል። ፈንክሽኑ ስለሠራልን በደስታ ዝርዝሩን «እናጽዳው» አልን። አንድ ዓይነት ሞክሼ ያላቸውን መስመሮች እንደ ተደጋገሙ ቆጥረን አንዱን አጠፋን። የተሠራው በቅጂው ላይ መሆኑ በጀ። ከዚያ የአንዱን ክፍል ብዛት ከወረቀቱ ሮስተር ጋር ስናመሳክር በወረቀቱ ላይ 61፣ በእኛ ዝርዝር ላይ 60 ሆነ። ዓለሙ እና አለሙ፣ ስማቸውን ለውጠን እንዲህ እንበላቸው፣ የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ፣ የአያት ስማቸው ግን ያልተሞላላቸው ሁለት የተለያዩ ልጆች ናቸው። አንዱን ልጅ በአንድ ትእዛዝ ከትምህርት ቤት አስወጣነው ማለት አይደል! ፀሐይን ካጣው ኮምፒዩተር በምን ተሻልን?

ከዚያ በኋላ በተሰኪዋ መግለጫ ላይ በግልጽ ጻፍን፦ ሞክሼ ለመፈለግ ነው እንጂ ለመሰረዝ አይደለም። የተጻፈውንም ስም አትለውጥም። ቤተሰብ ልጁን «ዓለሙ» ብሎ ከጻፈ በመዝገቡ ላይ ዓለሙ ሆኖ ይቆያል፤ ፍለጋው ብቻ ነው በሞክሼ በኩል የሚያልፈው። ደግሞም ፊደሎቹ ባዶ ጌጥ አይደሉም፤ በግዕዝ ሠረቀ ወጣ ማለት ሲሆን ሰረቀ ግን ሌባ ያደርጋል። እንዲህ ያለውን ልዩነት ጨፍልቆ መዝገብ ላይ ማስፈር የእኛ ሥልጣን አይደለም።

በአሕጽሮት የሚጻፉትንም ሆን ብለን ተውናቸው። ተ/ማርያም ተክለ ማርያም ነው ወይስ ተስፋ ማርያም? ያንን የሚያውቀው የልጁ ቤተሰብ ነው።

አሁን ወደ ማሸጉ

ኮዱ ከሠራ በኋላ ያደረግነው ነገር ሰነፍ ተማሪ የሚያደርገውን ነው። ፋይሏን በፍላሽ ገልብጠን ለሌሎች ሁለት ቡድኖች ሰጠን። ዳታሴት ሲነሣ «ተሰኪዎቹ እዚህ ፎልደር ውስጥ ናቸው» ከተባለ ያነባቸዋልና ሠራላቸው። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ቡድን ባዶውን ስም የሚመለከተውን ስሕተት በራሱ አረመ፤ ሌላው የሗን ወጥመድ አረመ፤ እኛ ደግሞ ሌላ ነገር ጨመርን። ሦስት ፋይሎች፣ ሦስቱም አንድ ስም ያላቸው፣ ሦስቱም የተለያዩ! የትኛው የቅርብ ነው ቢባል መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ሞክሼ ፊደልን ልናስታርቅ ተነሥተን ሞክሼ ፋይል ፈጠርን።

ማሸግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የታሸገ ተሰኪ ስም አለው፣ የእትም ቁጥር አለው፣ የትኛው መሣሪያ እንደሚያስፈልገው ይናገራል፣ በማን ፈቃድ እንደሚገለበጥ ይናገራል። ይህ ሁሉ የሚጻፈው በፎልደሩ ውስጥ በምትቀመጥ ፓይፕሮጀክት በተባለች አንዲት የጽሑፍ ፋይል ላይ ነው። ለዳታሴት የሚሠሩ ተሰኪዎች ስማቸው በዳታሴት እንዲጀምር ልማድ ስለሆነ የእኛን ዳታሴት-ሞክሼ አልናት። የፈንክሽኑ ስም በአማርኛ ፊደል ቢሆንም የጥቅሉ ስም ግን በላቲን ፊደል መሆን አለበት፤ የፓይተን የጥቅል መዝገብ ሌላ አይቀበልም። ፈቃዱን በተመለከተ ዳታሴት የሚጠቀምበትን የአፓቼ 2.0 ፈቃድ ወሰድን። ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድ በግልጽ ቢቀመጥም እንኳ ሌላው ሰው የመገልበጥ መብት እንዳለው አይቆጠርም፤ ብዙዎቻችን ይህንን አናውቅም ነበር።

ከሁሉ የበለጠችው መስመር መግቢያ የምትባለዋ ናት። መምህር ጧት ስም ሲጠራ «አቤት» የሚሉት በሮስተሩ ላይ ያሉት ብቻ ናቸው። አንድ ጥቅል ኮምፒዩተሩ ላይ ሲጫን «እኔ የዳታሴት ተሰኪ ነኝ፤ ኮዴም ያለው እዚህ ነው» የሚል ማስታወሻ ይመዘገብለታል። ዳታሴት ሲነሣ በፕላጊ አማካይነት የተጫኑትን ጥቅሎች ሁሉ «ከእናንተ መካከል የዳታሴት የሆነ አለ?» ብሎ ይጠራል፤ ያ ማስታወሻ ያለው «አቤት» ይላል። ቀደም ሲል በፎልደር ያደረግነው እንግዲህ ሮስተሩ ላይ ሳይሰፍር ክፍል ገብቶ እንደሚቀመጥ ልጅ ነው። ይማራል፤ ግን ውጤቱ የት ይመዘገባል? የመግቢያዋን መስመር ከረሳችሁ ጥቅሉ ያለ አንዳች ስሕተት ይጫናል፣ ግን አይሠራም፤ ምንም አይናገርም። ዳታሴት የተጫኑለትን ተሰኪዎች የሚዘረዝርበት ትእዛዝ አለው። ከሁሉ በፊት ያንን ጠይቁ።

ጥቅሉ ሲገነባ ዊል የሚባል ፋይል ይወጣል። ሌላ ምስጢር የለውም፤ ዚፕ ነው። ይህንን ያወቅነው ግን ከተደናገጥን በኋላ ነው።

የተደናገጥነውም እንዲህ ነው። አምስቱን ሒሳቦች ለፕሮግራመር ያልሆነ መምህር ማስረዳት ስላስቸገረን በሠንጠረዥ ተካናቸው። በግራ የሚለወጠው ፊደል፣ በቀኝ የሚለወጥበት፤ 35 ሞክሼዎች ሃ እና ኣ ሲጨመሩ 37 መስመር። ማንም መምህር ከፍቶ ሊያነበው፣ ሊተቸውም ይችላል። በእኛ ኮምፒዩተር ላይ እንደ ሰዓት ሠራ። ዊሉን በፍላሽ ይዘን ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን፤ ጫንነው፤ ወዲያው «ሠንጠረዡ የለም» አለ። እንዴት የለም? እኛ ጋ አለ! ነገሩ እንዲህ ኖሯል፦ ስንገነባ የፓይተን ፋይሎች ብቻ ናቸው የታሸጉት፤ ሌላ ዓይነት ፋይል አብሮ እንዲታሸግ ከተፈለገ በፓይፕሮጀክት ላይ በስሙ መጥራት ነው። በእኛ ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ተሰኪዋ የተጫነችው ለሠሪዎች በሚመች መንገድ፣ በቀጥታ ከሥራ ፎልደራችን እንድትነበብ ተደርጋ ስለነበረ ጉድለቱ ተሸፈነ። ዊሉን እንደ ዚፕ ከፍተን ብናየው ኖሮ በአንድ ደቂቃ ባወቅነው።

አረምነው፤ እንደገና ሄድን። አሁን ሠንጠረዡ አለ። ግን የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ገና ሐ ላይ ሲደርስ፣ ማንበብ አልቻልኩም ብሎ ቆመ። የእኛ ኮምፒዩተር ኡቡንቱ፣ የትምህርት ቤቱ ዊንዶውስ ነው። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ፋይል ሲከፈት አነባበቡ ካልተነገረው በዚያ ዊንዶውስ ላይ ያለው ፓይተን ለምዕራብ አውሮፓ ፊደላት በተሠራው በአሮጌው ሠንጠረዥ ያነባል፤ የሐ ሦስተኛ ባይት ደግሞ በዚያ ሠንጠረዥ ላይ ቦታ የለውም። ስለዚህ የአማርኛ ፋይል ስትከፍቱ ሁልጊዜ፣ ደግመን እንላለን ሁልጊዜ፣ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን በኮዱ ውስጥ ጻፉ። በእናንተ ኮምፒዩተር ላይ ባያስፈልግም ጻፉ።

ሦስተኛው ጉዞ ከሁሉ የባሰው ነው። አርመናል፣ ገንብተናል፣ ዊሉ ፍላሹ ላይ አለ። ስንጭነው ግን ያው አሮጌ ስሕተት! ፍላሹን ቫይረስ በላው አልን፤ ሌላ ፍላሽ ተዋስን፤ ያው ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ከተጨቃጨቅን በኋላ ከመካከላችን አንዱ በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ቁጭ ብሎ አነበበው፤ ያነበበው የመጀመሪያው ሰው ነበር። ጫኙ ፕሮግራም «ይህ እትም ከዚህ ቀደም ተጭኗል» እያለን ነው። ኮዱን ስናርም የእትም ቁጥሩን 0.1 ላይ እንዳለ ትተነው ነበር። 0.2 አልነው፤ ተጫነ፤ ሠራ። ከዚያ በኋላ ግድግዳችን ላይ «ኮድ ከተነካ ቁጥር ይነካ» ብለን ለጥፈናል።

ከእነዚህ ከሦስቱ የመጀመሪያውን አንድ ነገር ይከላከለው ነበር፦ ዊሉን ለሌላ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት በራሳችሁ ኮምፒዩተር ላይ አዲስ ባዶ የፓይተን ክፍል ከፍታችሁ፣ ከሥራ ፎልደራችሁ ውጭ ሆናችሁ ጫኑት። የዊንዶውሱን ነገር ግን ይህም አያሳይም፤ እርሱን ዊንዶውስ ላይ መሞከር ነው። ከዚያም ፈተና ጻፉለት። እኛ አሁን በፓይቴስት የጻፍናቸው ጥቂት ፈተናዎች አሉን፦ 12ቱ «ፀሐይ» አንድ መልስ ይሰጣሉ ወይ? ባዶ ስም ሲገባ አይሰበርም ወይ? ሗ እንዳለ ይቀራል ወይ? ለእያንዳንዱ ያየነው ስሕተት አንድ ፈተና አለ፤ ቁጥር ከመቀየራችን በፊት ሁሉም ማለፍ አለባቸው።

ኢንተርኔት ለሌለበት

ብዙዎቻችን የምንመደብበት ቦታ ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል። ዊላችን የያዘው የእኛን ኮድ ብቻ ነው፤ ዳታሴት ራሱና እርሱ የሚደገፍባቸው ሌሎች ጥቅሎች አብረው ካልሄዱ አይጫንም። መፍትሔው ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ሁሉንም ወደ አንድ ፎልደር ማውረድ፣ ፎልደሩን በፍላሽ መያዝ፣ ከዚያ ሲጫን «ኢንተርኔት አትፈልግ፣ ከዚህ ፎልደር ብቻ ውሰድ» ብሎ ማዘዝ ነው። አንዳንዶቹ ጥቅሎች ለየኮምፒዩተሩ ዓይነት ለየብቻ የተዘጋጁ ስለሆኑ የምታወርዱበት ኮምፒዩተርና የምትጭኑበት ኮምፒዩተር አንድ ዓይነት ዊንዶውስና አንድ ዓይነት የፓይተን እትም ቢኖራቸው ነው የሚሻለው። የእኛው ዊል ንጹሕ ፓይተን ስለሆነ የትም ይሄዳል።

ተሰኪዋ አሁን 0.4 ላይ ናት። ፎልደሩ በአይሲቲ ማዕከሉ በመጀመሪያው ኮምፒዩተር ላይ አለ፤ ፍላሽ ይዞ ለመጣ እንገለብጣለን። በሬኮርድ ክፍሉም ሠራተኛው ከዚያ ወዲህ በእርሷ ነው የሚፈልገው። የፀሐይ እናት ግን መሸኛውን የወሰዱት ከዚያ በፊት፣ በጣት በተፈለገው ዝርዝር ነው።

አንድ ያልወሰንነው ነገር አለ፤ ኸ። ቁጥሩ 4792 ነው። በግዕዙ፣ ማለትም በመጀመሪያው ቤት፣ ከሀ የተለየ ድምፅ አለው፤ በኹ፣ በኺ፣ በኻ ግን ለጆሮ ከሁ፣ ከሂ፣ ከሃ አይለይም። ሠንጠረዡ ውስጥ እናስገባው ወይስ እንተወው? ከሄዳችሁባቸው ትምህርት ቤቶች ኸ ያለበት ስም፣ ወይም ተሰኪዋ ያላገኘችው ሌላ አጻጻፍ ካጋጠማችሁ፣ የልጁን ሙሉ ስም ሳይሆን ያችን ቃል ብቻ በወረቀት ጽፋችሁ ከዚህ ጋዜጣ ሥር ካለው ሣጥን ውስጥ ጣሉልን።